የአጎቴ ካርቲየር

አጎቴ ሲሞት ለኔ የደረሰኝ አንድ የእጅ ሰዓት ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ረዘም ያለ፣ ፊቱ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ጥቁር ሮማን፣ ቆጣሪዎቹ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ያለችው መሙያ ጫፏ ላይ ሰማያዊ ጠጠር የመሰለች ነገር አለች። አጎቴ ይሄን ሰዓት ሲያሳይ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ "ካርቲየር ነው" ይላል፣ ከዛ እጁን ቶሎ እጅጌው ውስጥ ይመልሰዋል፣ ልክ ብዙ ከታየ የሚያልቅ ይመስል። ልጅ ሆኜ ካርቲየር የፓሪስ የጌጣጌጥና የሰዓት ቤት እንደሆነ ሳላውቅ ካርቲየር ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቅ ነበር ማለት ነው።

በኋላ ኢንተርኔት መጣና ሁሉም ነገር ተበላሸ። አንድ ማታ ስለዚህ ሰዓት ሳነብ አንዲት ነገር አገኘሁ። አብዛኞቹ የካርቲየር ሰዓቶች ላይ ሚስጥራዊ ፊርማ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሰባት ቁጥር ላይ አንዳንዴ ደግሞ አስር ቁጥር ላይ። ሮማን ሰባት መጀመሪያዋ ላይ ወደ ታች ወርደው የሚገናኙ ሁለት እግሮች አሏት አይደል፣ ከሁለቱ አንዱ በዓይን ሲታይ ተራ ጥቁር መስመር ነው፣ በማጉሊያ ሲታይ ግን መስመር ሳይሆን ጽሑፍ ነው፣ "ካርቲየር" የሚል ከጉንዳን እግር የቀጠነ ጽሑፍ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተነስቼ ማጉሊያ ፈልጌ መብራት ስር ቁጭ አልኩ። የአጎቴ ሰዓት ላይ ሰባት ቁጥሩ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው።

ፎርጅድ ነው በቃ። እውነቱን ለመናገር ጠርጥሬ ነበር፣ አጎቴን የሚያውቅ ሁሉ ይጠረጥራል፣ ግን መጠርጠርና ማየት ይለያያል። ደስ የማይል ስሜት ነበረው። ከዛ ግን እልህ ያዘኝና "እሺ እውነተኛው ታዲያ ምንድነው?" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ አንድ ማታ የነበረው ወራት ፈጀ፣ ይሄ ጽሑፍ የዛ ውጤት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው 1847 ፓሪስ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሉዊ ፍራንሷ ካርቲየር የሚባል ገና ሰላሳ ያልሞላው ሰው አዶልፍ ፒካር የሚባል አለቃውን ወርክሾፕ ተረከበ፣ ሩ ሞንቶርጌይ የሚባል መንገድ ላይ። ያኔ ካርቲየር ማለት የራሱ ዲዛይን ያለው ቤት አይደለም። አብዛኛው ዕቃ ሌሎች ወርክሾፖች የሠሩት ነው፣ እሱ ገዝቶ ይሸጣል። ይሄን ሳነብ ፈገግ አልኩ፣ የታላቁ ስም መጀመሪያ የሰው ዕቃ መሸጥ ነበር ማለት ነው። 1856 ላይ የናፖሊዮን ወንድም ልጅ ልዕልት ማቲልድ ደንበኛ ሆነች፣ እሷ ከመጣች የቤተመንግሥቱ ሰው ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም፣ 1859 ሱቁ ሻል ወዳለ ሰፈር ቡልቫር ዴዚታልየን ተዛወረ። ጦርነት መጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወረደ፣ ሱቁ ተረፈ፣ ልጁ አልፍሬድ ተረከበ። ይሄን ሁሉ በፍጥነት የማልፈው ለኔ እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው የልጅ ልጆቹ ላይ ስለሆነ ነው።

ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ሉዊ፣ ፒየርና ዣክ። ትልቁ ሉዊ 1898 የአባቱ ሸሪክ ሆነ፣ በዛው ዓመት ደግሞ የወርዝ ቤተሰብ ልጅ አገባ፣ ወርዝ ማለት ያኔ ፓሪስ ላይ የሀብታም ሴት ሁሉ ቀሚስ የሚሰፋበት ቤት ነው። በዓመቱ ካርቲየር ወርዝ ወዳሉበት መንገድ ሄደ፣ ሩ ደ ላ ፔ 13 ቁጥር፣ እስከዛሬም እዛው ነው። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ሁለት እርምጃ ተራምዳ ሐብል ታያለች። ጋብቻው ፍቅር ነበር ቢዝነስ እኔ አልፈርድም፣ ግን አድራሻው ላይ ማንም አይከራከርም።

ከዛ ዓለምን ተከፋፈሉት። ሉዊ ፓሪስ፣ ዣክ ለንደን፣ ፒየር ኒውዮርክ። የለንደኑ ቅርንጫፍ የተከፈተው 1902 ነው፣ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ የጫነበት ዓመት፣ እዛ ያለው መኳንንት ሁሉ ቲያራ፣ ማለት የአናት ጌጥ፣ ይፈልግ በነበረበት ሰዓት። 1904 ንጉሡ የቤተመንግሥት ጌጣጌጥ አቅራቢነት ማዕረግ ሰጣቸው። የኒውዮርኩ 1909 ተከተለ።

አሁን ስለ ፕላቲነም ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው "እውነተኛ" የሚለው ቃል መጀመሪያ የተንገዳገደብኝ። እስፔኖች ደቡብ አሜሪካ ወርቅ ሲያጥቡ አብሮ የሚወጣ አንድ ነጭ ብረት ያስቸግራቸው ነበር። አይቀልጥላቸውም፣ ለምንም አይሆንም፣ ጭራሽ ከወርቅ ጋር እየተቀላቀለ ለማጭበርበር ይጠቅማል። "ፕላቲና" አሉት፣ ትንሽ ብር እንደማለት፣ የንቀት ስም ነው። ፕላቲነም የሚቀልጠው ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፣ ወርቅ ደግሞ 1,064 ላይ ውሃ ይሆናል፣ ስለዚህ በተራ አንጥረኛ እሳት ፕላቲነምን ማሸነፍ አይታሰብም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን እሳቱ አንጥረኛው ጋ ደረሰ። እስከዛ ድረስ አልማዝ የሚታሰረው በብር ነው፣ ብር ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩን እንዲይዝ ወፈር ብሎ መሠራት አለበት፣ በዛ ላይ ይጠቁራል፣ ልብስና ቆዳ እንዳያቆሽሽ ከጀርባው ወርቅ ይለጠፍበታል። እና ያ የድሮ የአልማዝ ዘውድ ፎቶው ላይ ሲያምር አናት ላይ ግን ጭነት ነው።

ሉዊ ፕላቲነምን ያዘ። ፕላቲነም ጠንካራ ስለሆነ እንደ ክር ቢቀጥንም ድንጋዩን አይለቅም፣ አይጠቁርም፣ ጀርባ አያስፈልገውም። ብረቱ ከዓይን ጠፋና አልማዙ ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ መሰለ። የአበባ ጉንጉን፣ ቅጠል፣ የተቋጠረ ሪባን፣ እንደ ዳንቴል የተሠራ ሐብል፣ እነዛ ሁሉ የመጡት በዚህ ነው። እርግጥ ፕላቲነምን ያሰበው እሱ ብቻ አይደለም፣ ግን እንደሱ የተጠቀመበት ያኔ አልነበረም። እና እስፔኖች የተማረሩበት ብረት መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ የንግሥቶች አናት ላይ ወጣ። ብረቱ ያው ብረት ነው። የተለወጠው እሳቱና የሰው ዓይን ነው።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ የኔ ጉዳይ እሱ ስለሆነ።

ያኔ ወንድ ልጅ የእጅ ሰዓት አያደርግም። የወንድ ሰዓት ኪስ ውስጥ ነው፣ እጅ ላይ የሚታሰረው የሴት ጌጥ ነው። ፓሪስ ውስጥ ግን አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን የሚባል ብራዚላዊ ነበር፣ የቡና ሀብታም ልጅ፣ ቀጭን፣ አጭር፣ ባርኔጣውን የማያወልቅ፣ እና በራሱ የሚሠራቸው የአየር መርከቦች ላይ ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው። 1901 ላይ ኤፍል ታወርን ዞሮ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመመለስ ውድድር አሸነፈ። ታዲያ ሁለቱም እጁ መሪ ላይ ሆኖ ከኪሱ ሰዓት አውጥቶ ደቂቃ መቁጠር እንዴት ይሁንለት? ለጓደኛው ለሉዊ ይሄን አማረረ ይባላል፣ ሉዊም 1904 ላይ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ብሎኖቹ ሳይደበቁ ፊት ለፊት የሚታዩ የእጅ ሰዓት ሠራለት። ሳንቶስ ዱሞን ባለበት ሁሉ ፎቶ አንሺ ስለማይጠፋ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገም። ለገበያ የወጣው ግን 1911 ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው እየጎመዠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። ብዙ ቦታ "በዓለም የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት" ተብሎ ይጻፋል፣ ልክ አይደለም። ለሴት የተሠሩ የእጅ ሰዓቶች ከዛ በፊት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ አሉ፣ ወታደሮችም የኪስ ሰዓታቸውን በቆዳ እጃቸው ላይ ያስሩ ነበር። ሉዊ ያደረገው ወንዶች ሳያፍሩ እንዲያስሩት ማድረግ ነው። ይሄ ደግሞ ለኔ ከመፈልሰፉ ይከብዳል።

እና ውስጡስ? ሰዓት ማለት ዞሮ ዞሮ ውስጡ ነው። የካርቲየር ሰዓት ውስጥ ያለው ማሽን የካርቲየር አልነበረም። 1907 ላይ ኤድሞን ዬገር ከሚባል ፓሪስ ከሚኖር የአልዛስ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ ጋር ውል ገቡ፣ ዬገር ደግሞ ስዊዘርላንድ ተራራ ውስጥ ካለው ከለኩልትር ፋብሪካ ጋር ይሠራ ነበር፣ በኋላ ሁለቱ ስሞች ተጣምረው ዬገር ለኩልትር የሆኑት። የሚዞረው፣ የሚመታው፣ ሰዓቱን ሰዓት የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ብቻ። ይሄን ያነበብኩ ቀን የአጎቴን ሰዓት ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና አየሁት።

የሱ ሰዓት የታንክ ኮፒ ነው። ታንክ 1917 የተነደፈ ነው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ፣ ስሙ ምሳሌ አይደለም የምር ከጦር ታንክ ነው የመጣው፣ ትንሹን የሬኖ ታንክ ከላይ ሆናችሁ ብታዩት መሀል ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለት ጎማ ነው። ሰዓቱም እንደዛ ነው፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ዘንጎች ከላይ እስከ ታች ሳይቆረጡ ይወርዱና እነሱ ራሳቸው ማሰሪያው የሚገባበት ጆሮ ይሆናሉ። ይሄ ቀላል ይመስላል። ከዛ በፊት ግን አብዛኛው የእጅ ሰዓት ክብ የኪስ ሰዓት ላይ ጆሮ የተበየደበት ነበር፣ ሰዓቱና ማሰሪያው ሁለት የተጣሉ ሰዎች ይመስላሉ፣ ታንክ ላይ ግን የቱ ጋ ሰዓቱ አልቆ የቱ ጋ ማሰሪያው እንደጀመረ ዓይን አይለይም። ፊቱ ላይ ቁጥሮቹን ተከትሎ ውስጥ ውስጡን የሚዞር እንደ ባቡር ሐዲድ ያለ መስመር አለ፣ ቆጣሪዎቹ በእሳት ሰማያዊ የሆነ ብረት፣ መሙያዋ ላይ ክብ ሰንፔር። አንደኛው የሙከራ ሰዓት ለአሜሪካው ጄኔራል ፐርሺንግ ተሰጠ ይባላል። 1919 ሲሸጥ በጣት የሚቆጠር ነበር። የፊልም ተዋናዩ ቫለንቲኖ 1926 ላይ የበረሃ ልዑል ሆኖ ሲተውን እጁ ላይ ነበር፣ በረሃ ላይ ታንክ ያሰረ ልዑል፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ደግሞ ታንክ የማደርገው ሰዓት ለማየት አይደለም፣ ሞልቼውም አላውቅ ብሏል። ጃክሊን ኬኔዲ የነበራት 2017 ጨረታ ላይ 379,500 ዶላር ወጣ። ሰዓቱ አንዲት ነገር ናት፣ ከአውራ ጣቴ ብዙ አትበልጥም።

ግን ዋጋ ስል የፒየርን ታሪክ ካላወራሁ ይቆጨኛል፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ኒውዮርክ፣ ፊፍዝ አቬኑ፣ 52ኛው መንገድ ጥግ ላይ ሞርተን ፕላንት የሚባል የባቡር ሀብታም ቤት ነበረው፣ ቤት ስል ቤተመንግሥት ማለቴ ነው። ሰፈሩ እየተነገደበት መጣና ሰውዬው ጸጥ ወዳለ ቦታ ወጣ። ፒየር ደግሞ ሱቅ ይፈልጋል። ሱቁ ውስጥ በዛን ጊዜ ሁለት ረድፍ የሆነ የሉል ሐብል ነበረ፣ የባህር ሉል፣ ጠላቂ ወርዶ ከዛጎል ያወጣው፣ ባጠቃላይ 128 ፍሬ፣ ዋጋው አንድ ሚሊዮን ዶላር። ያን የሚያህሉ አንድ ዓይነት ፍሬዎች ለማጣመር ስንት ሺህ ዛጎል እንደሚከፈት አስቡት፣ ለዛ ነው ያኔ ሉል ከአልማዝ ይበልጥ የነበረው። የፕላንት ወጣት ሚስት ሐብሉን ወደደችው። 1917 ላይ ተለዋወጡ፣ ሐብሉና 100 ዶላር ለቤቱ። መቶዋን ዶላር ማን እንደጨመራት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ እንዲህ ያለ ውል ላይ መቶ ዶላር የሚጨምር ሰው የተባረከ ነው።

አሁን ማን ተበላ? በዛ ቀን ማንም። በዛው ዘመን ግን ጃፓን ውስጥ ሚኪሞቶ ኮኪቺ ዛጎል ውስጥ ሆን ብሎ ፍሬ እየከተተ ሉል ማርባት ለገበያ አብቅቶ ነበር፣ በ1920ዎቹ ያ የረባ ሉል ፓሪስን አጥለቀለቀው። ነጋዴዎቹ "ይሄ ፎርጅድ ነው" ብለው ጮሁ፣ ክስ ሁሉ ነበር፣ ግን የሚረባውም ሉል ያው ዛጎሉ የሠራው ሉል ነው፣ በዓይን አይለይም። ከዛ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መጣና የቀረውን ጨረሰው። ሴትዮዋ ሞተች፣ 1957 ሐብሉ ጨረታ ላይ ሲወጣ 150 ሺህ ዶላር አካባቢ ተሸጠ። ቤቱ እስከዛሬ የካርቲየር ሱቅ ነው፣ ዋጋውን ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ። ሁለቱም ወገን እውነተኛ ነገር ነበር የሰጡት፣ አንዱ ግን እንደ በረዶ እጅ ላይ ቀለጠ።

ከነዚህ ሁሉ ግን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ሚስጥራዊ ሰዓት የሚሉት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰዓት ነው። ፊቱ ግልጽ ክሪስታል ነው፣ በወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ፊት ታዩበታላችሁ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ቆጣሪዎች አሉ፣ ይዞራሉ፣ ከምንም ጋር አልተያያዙም። ማሽን የለም፣ ዘንግ የለም፣ ሽቦ የለም። የመጀመሪያው 1912 ነው የተሠራው፣ የሠራው ሞሪስ ኩዌ የሚባል ወጣት ሰዓት ሠሪ፣ ሐሳቡን ያገኘው ሮበር ሁዳን ከሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን አስማተኛ ሰዓቶች ነው፣ ሮበር ሁዳን አስማተኛ ከመሆኑ በፊት ሰዓት ሠሪ ነበረ። አሠራሩን ስታውቁት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ቆጣሪዎቹ ብቻቸውን አይዞሩም። እያንዳንዳቸው አንድ ክብ ክሪስታል ላይ ተለጥፈዋል፣ የሚዞረው ክሪስታሉ ነው፣ ሁለት ክሪስታል አንዱ ካንዱ ጀርባ። የክሪስታሉ ጠርዝ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ብረት ታስሮበታል፣ ያ ጥርስ የሰዓቱ ፍሬም ውስጥ ስለተደበቀ አይታይም፣ ማሽኑ ደግሞ ከታች መቀመጫው ውስጥ ነው፣ ከዛ በግራና በቀኝ ፍሬሙ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጡ ዘንጎች ጥርሱን ይገፉታል። እና ዓይናችሁ ቆጣሪው ይዞራል ይላችኋል፣ የሚዞረው ግን እናንተ የማታዩት ግልጽ የሆነው ነገር ነው። የሱቁ ሻጮች ራሳቸው እንዴት እንደሚሠራ አይነገራቸውም ነበር ይባላል። ቆጣሪው ስር የተጻፈው ስም ኩዌ አይደለም ብዬ መጨመር አያስፈልገኝም።

ዣን ቱሳንም እንደዛው ናት። 1887 ቤልጅየም ሻርለሯ የተወለደች፣ ከድህነት የወጣች፣ የሉዊ ፍቅረኛ የነበረች፣ ያላገባት። ስዕል መሳል አትችልም ነበር። ግን ዓይን ነበራት፣ ሉዊ ይሄን ስላወቀ 1933 ላይ የከባዱን ጌጣጌጥ ሥራ ሙሉ ለሙሉ ሰጣት። ቅጽል ስሟ "ነብሯ" ነው፣ ዛሬ ካርቲየር ሲባል አልማዝና ጥቁር ኦኒክስ ነጠብጣብ ያለው ነብር ዓይናችሁ ላይ ከመጣ የሷ ሥራ ነው። 1949 ላይ ከ152 ካራት በላይ የሆነ ሰንፔር ላይ ቁጢጥ ያለ ነብር ተሠራና የዊንዘሯ ዱቼስ፣ ኤድዋርድ ስምንተኛ ዙፋኑን የጣለላት ሴት፣ ጌጥ ሆነ፣ ድንጋዩን እንደ ኳስ ረግጦታል። ከሷ ሥራዎች ግን እኔን የሚነካኝ ትንሹ ነው። ጀርመኖች ፓሪስን ይዘው ሳለ ጎጆ ውስጥ የተዘጋ ወፍ የሆነ ብሮሽ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ፣ አሠራች፣ ቀለሙ የፈረንሳይ ባንዲራ። የናዚ ሚስጥር ፖሊስ ጌስታፖ ለዚህ ጠርቷታል ይባላል። 1944 ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ያው ወፍ እንደገና ተሠራ፣ የጎጆው በር ተከፍቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ።

ያኔ ወንድማማቾቹ በሞት እየተለዩ ነበር። ዣክ 1941፣ ሉዊ 1942፣ ፒየር ቆይቶ 1964። ልጆቹም መሸጥ ጀመሩ፣ ኒውዮርክ ለብቻው ተሸጠ፣ ፓሪስ ለብቻው፣ ለንደን ብቻ የዣክ ልጅ ዣን ዣክ እጅ ላይ እስከ 1974 ቆየ። ለጥቂት ዓመታት ሦስት ካርቲየሮች ነበሩ፣ ሦስት የተለያየ ባለቤት፣ አንድ ስም። በነገራችን ላይ ያ ቀልጦ የፈሰሰ የሚመስል ክራሽ የሚባለው ሰዓት የዚህ ለንደን ሥራ ነው፣ 1967። መኪና አደጋ ውስጥ ቀልጦ የተገኘ ሰዓት ነው መነሻው የሚል ተረት አለ፣ ሁሉም ይደግመዋል፣ የዣን ዣክ የልጅ ልጅ ግን አይደለም ትላለች። ይቺ ልጅ 2009 ላይ በአያቷ 90ኛ ልደት ሻምፓኝ ልታመጣ ምድር ቤት ወርዳ የቤተሰቡን ደብዳቤ የሞላ አሮጌ ሻንጣ ያገኘች ናት፣ ስለዚህ እሷን አምናለሁ። አንዱ የ1967 ክራሽ 2022 ላይ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፣ ሲወጣ ግን ሰው እምብዛም አልፈለገውም ነበር።

አሁን ወደ አጎቴ እየቀረብን ነው። ሮቤር ኦክ የሚባል የላይተር ነጋዴ ነበር። አዎ ሲጋራ መለኮሻ። 1968 ላይ ካርቲየር የሚል ስም ያለው ላይተር አወጣ፣ እንደ ጉድ ተሸጠ። 1972 ከባለሀብቶች ጋር ሆኖ የፓሪሱን ቤት ገዙት፣ ቀስ በቀስ ለንደንንና ኒውዮርክን መልሰው ሰበሰቡ። ዘመኑ ስዊዞች በጃፓን ኳርትዝ፣ ማለት በባትሪ በሚሠራ ርካሽ ሰዓት የሚደቆሱበት ነው። ኦክና አላን ዶሚኒክ ፔራን የሚባል ወጣት ሠራተኛው አንድ ነገር አሰቡ፣ ካርቲየር የሚለውን ስም ካርቲየር መግዛት ለማይችል ሰው ብንሸጥስ? "ሌ ሙስት" አሉት፣ የግድ ሊኖርህ የሚገባ እንደማለት። 1977 ላይ የሙስት ታንክ ወጣ። ወርቅ አይደለም። ውስጡ ብር ነው፣ ላዩ ወርቅ ቅብ። የኛን ሰምና ወርቅ ገልብጡት፣ እዚህ ወርቁ ላይ ነው። የድሮ ደንበኞች አፍንጫቸውን ነፉ፣ ሰዓቱ ግን ቤቱን አዳነው። እና ዛሬ እውነተኛ ካርቲየር ብላችሁ አሮጌ ታንክ ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይሄንኑ ቅቡን ነው። ኦክ 1979 ፓሪስ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ሞተ። 1988 ላይ ካርቲየር የስዊዙ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ሪሽሞን ውስጥ ገባ፣ ዬገር ለኩልትርም በኋላ እዛው ቤት ገባ፣ የድሮ ጎረቤቶች።

አንድ ታሪክ ልጨምርና ልጨርስ። 1928 ላይ ካርቲየር ለፓቲያላው የህንድ ንጉሥ ለማሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ ሐብል ሠሩ፣ 2,930 አልማዝ፣ መሀሉ ላይ 234.65 ካራት የሆነው ደ ቢርስ የሚባለው ብጫ አልማዝ። 1948 አካባቢ ሐብሉ ጠፋ። ትልቁ አልማዝ ብቻውን 1982 ጄኔቭ ጨረታ ላይ ብቅ አለ። 1998 ደግሞ ለንደን ውስጥ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ላይ የሐብሉ አፅም ተገኘ፣ የፕላቲነም ሰንሰለቱ፣ ትልልቆቹ ድንጋዮች ተነቅለው። ካርቲየር ገዙት፣ ዓመታት ፈጅተው አደሱት፣ የጎደሉትን ትልልቅ ድንጋዮች ቦታ የሞሉት ግን በሰው ሠራሽ ነው። ደ ቢርስ የነበረበት ቦታ ላይ ያለው አርቴፊሻል ነው። በዓለም ስመ ጥር የሆነው የጌጥ ቤት በራሱ ሐብል ላይ በራሱ እጅ አርቴፊሻል ድንጋይ ሰካ፣ ሰው ደግሞ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየዋል። እኔም ባገኘው እንደዛው ነው የማደርገው።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ሰዓት ቆመ። ወደ አንድ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ማጉሊያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አንዴ አዩትና ምንም አላሉም፣ ጨዋ ሰው። እኔ ቀድሜ "ፎርጅድ ነው፣ አውቃለሁ አባባ" አልኳቸው። "ባትሪውስ ፎርጅድ ነው?" አሉና ሳቁ። በጥፍር በሚያህል ቢላ ጀርባውን ፈልቅቀው ከፈቱት። ውስጡ የማትረባ ትንሽ የኳርትዝ ማሽን ናት፣ ግማሹ ፕላስቲክ። ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ። ውስጡ ላይ በመርፌ የተጫሩ ጥቃቅን ጽሑፎች አሉ፣ ሰዓት ሠሪ ሰዓት ሲከፍት ቀኑን እዛ ላይ ይጭራል፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እንዲያውቅ። ቆጠርናቸው፣ አስራ አንድ ናቸው። ቢያንስ የሦስት የተለያየ ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው፣ አንዱ ቁጥሩን ያጋድላል፣ አንዱ በጣም ይጫናል። የመጀመሪያው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው።

ሽማግሌው ባትሪውን ቀየሩ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠረጉና መርፌያቸውን አንስተው ባዶ ቦታ ፈለጉ።